አዋጁ ተኝቷል፣ ልጆች አትጩሁ

ሰው የሚወደውን ነገር ለምን ያስተኛዋል? ትርንጎ ይህን ጥያቄ ስታገላብጥ ከርማለች፤ መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣላትም። እሷም ጡት የሚጠባ ልጅ አላትና ሕፃን ሲተኛ ደስ እንደሚል ታውቃለች። ልጅ ሲተኛ እጅ ይፈታል፣ ወገብ ይቀናል፣ ጎረቤትም ቀስ ብሎ ብቅ ይልና «እሰይ፣ ተኛልሽ?» ይላል። ያ የእናት ነው። አገር ሙሉ ሰው ግን፣ ከንጉሡ እስከ ዘበኛው፣ ተስማምቶ አንድን ነገር ዕድሜ ልኩን ሲያስተኛው ማየት ሌላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

በዚያ አገር አዋጅ ይወለዳል። አማካሪዎቹ በቤተ መንግሥቱ ጓዳ ተዘግተው ወራት ያምጣሉ። አንዱ «ይህ ቃል ይግባ» ሲል፣ ሌላው «ወገቤን» ሲል ከርመው አንድ ቀን የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ አዋጁ ተወለደ ማለት ነው። እልልታው ይቀልጣል፣ መድፍ ይተኮሳል፣ ገንፎ ይገነፋል። አዋጁ ራሱ አራስ ልጅ ነው የሚያክለው። ቆዳው እንደ ብራና ነጣ ያለ ነው፤ ቃሉም ደረቱ ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም ተጽፎ አብሮት ይወለዳል። ታዲያ እልልታው ሲያበቃ በሐር ይጠቀለልና ኮረብታው ላይ ወዳለው አዋጅ ቤት ይወሰዳል። እዚያ ይተኛል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው መተኛት ነው።

ለዚህ እንቅልፍ የተሾመውን ሰው ብዛት ማን ቆጥሮት። የብርድ ልብስ አዛዥ አለ። የዝንብ አባራሪዎች ሹም አለ። ጣት አጋፋሪ የሚባልም አለ፤ ሥራው አመልካች ጣቱን በመጣው ሰው ሁሉ ከንፈር ላይ ማሳረፍ ነው። ከሁሉም በላይ የእሹሩሩ አለቃ፣ አለቃ ወልደ ዕረፍት አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ማር የወፈረ፣ ዓይናቸውም ራሱ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ናቸው። አዋጅ ቤት በጫማ አይገባም። አይሳልም። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ኮረብታውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እዚያ አስነጥሶ ይመለሳል። በበሩ ላይም በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ «የልጆች አዋጅ ተኝቷል፣ ልጆች አትጩሁ።»

መቼም ሐሰት መናገር ነውር ነው፤ ይህም ቢሆን ለዚያ አገር ትልቅ ነገር ነበር። ባለፈው ዘመን ለልጅ የሚሆን አዋጅ ቀርቶ ሐሳቡም አልነበረም። አያቶች «ልጅ ምን አዋጅ ያሻዋል፣ ልምጭ መች አነሰው» ይሉ ነበር። ስለዚህ የልጆች አዋጅ የተወለደ ዕለት ሰው ከልቡ ነው የጨፈረው። ትርንጎም የመጀመሪያ ልጇን እማዋይሽን አርግዛ፣ ሆዷን ይዛ፣ ቅቤ አሸክማ ሄዳለች። አዋጅ ነጋሪው ከፍ ብሎ ቆሞ «ልጅ አይዋስም» ሲል በጆሮዋ ሰምታ እንባዋ መጥቷል። ከጎረቤት አገር የሚመጡ መልእክተኞችም በየዓመቱ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ይጎበኙታል፤ ጉንጩን አይተው «እንዴት ወፍሯል፤ የእኛው እኮ ገና አልተፀነሰም» እያሉ በቅናት ይመለሳሉ።

ልጅ መዋስ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በዚያ አገር ወንፊት እንደሚዋሱት፣ ምጣድ እንደሚዋሱት፣ ልጅም ይዋሱ ነበር። ትልቅ ቤት ያለው ሰው ሥራ ሲበዛበት ወደ ትንሹ ቤት ይመጣና «ልጅህን አውሰኝ» ይላል። ማዋስ ክብር ነው። እምቢ ያለ «ስስታም» ይባላል፤ ስስታም የተባለ ሰው ደግሞ ሰርግ አይጠራም፣ ሲሞትም ቀባሪው ጥቂት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን «ያዋሰ አይጠይቅም» የሚለው ልማድ ነው። ወንፊት ይመለሳል። ልጅ ግን መቼ እንደሚመለስ መጠየቅ ነውር ነበር።

አንድ ሐሙስ የእህል ነጋዴው ሚስት ወይዘሮ አትጠገብ ወደ ትርንጎ ቤት መጡ። ከኋላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ትልቅ ጥላ ዘርግታላቸው ትከተላለች። ልጅቱም የውሰት ናት።

«ትርንጎዬ፣ ዛሬ እንኳ ወንፊትሽን አልፈለግሁም» አሉ እየሳቁ። «ትልቋን ልጅሽን አውሺኝ። ምራቴ ልትወልድ ነው፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ሕፃን የሚያዝል እጅ አጣን።»

«እሜቴ፣ እማዋይሽ እኮ ገና ስምንት ዓመቷ ነው።»

«ስምንት ታዲያ ምን አነሰ? ይቺ የኔዋ ስትመጣ የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም ነበር። አይደለም እንዴ፣ አንቺ?»

ቀጭኗ ልጅ ራሷን ነቀነቀች። ጥላውም አብሯት ተነቀነቀ።

ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። «መቼ ይመልሱልኛል?» አለች።

ባሏ ጥጋቡ ደጃፉ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ትልቅ ሰው ናቸውና እንዳልሰሙ ሆኑ። «ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ይዣት አልፋለሁ። ራሷን ሠሪያት፣ ቅማል አልወድም» ብለው ወጡ።

ትርንጎ ባሏን አየችው። «ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ዘመድ ናቸው።»

«ዘመድ ከሆኑ የራሳቸውን ልጅ አያዝሉም?»

«እኔም የውሰት ልጅ ሆኜ ነው ያደግኩት። ምን ሆንኩ?»

«ምን እንደሆንክማ አንተም አታውቀው። እናትህ ትኑር ትሙት እንኳ አታውቅም።»

ጥጋቡ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ትርንጎ ትንሽ አዘነችለት፤ ነገር ግን የልጇ ጉዳይ ነውና አልተወችውም። «አዋጅ አለ እኮ» አለች።

«አለ» አለ ጥጋቡ። «ተኝቷል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ሲገረጣ ትርንጎ ትንሹን ልጇን አዝላ ኮረብታውን ወጣች። ገበያው ሳይፈታ መመለስ አለባት፤ አለበለዚያ እማዋይሽን አታገኛትም። በሩ ላይ ጣት አጋፋሪው ጠበቃትና ጣቱን ከንፈሯ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አለቃ ወልደ ዕረፍት እያዛጉ መጡ።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አዋጁ እንዲነሣልኝ ነው፣ አባቴ።»

አለቃ ደረታቸውን ያዙ። «እንዲነሣ? አንቺ እናት አይደለሽም? የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል?»

«ይቀሰቀሳል እንጂ። ሲረፍድ ይቀሰቀሳል።»

«ገና ነው። ይደግ፣ ይጠንክር፣ አጥንቱ ይግጠም። ካደገ በኋላ ይነሣል።»

«ስምንት ዓመት ሞላው እኮ። ልጄ እኩያው ናት፤ እሷ ገመድ ትዘላለች፣ ዛፍ ላይ ወጥታ ቀሚሷን ትቀዳለች። ልጅ ሲወድቅ ሲነሣ ነው እንጂ ተኝቶ ያደገ አላየሁም።»

«አትሳሳቺ፣ እንክብካቤ አልጎደለበትም። በየዓመቱ በዓሉን እናከብርለታለን። ዳቦ ይደፋለታል፣ በግ ይታረድለታል።»

«ይበላል?»

«እኛ እንበላለታለን።»

ትርንጎ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ጣቱ ግን አሁንም ከንፈሯ ላይ ነው። በዚህ ላይ ፀሐይዋ እየወጣች ነው። «እሺ፣ ልየው ብቻ» አለች።

ማየት አልተከለከለም። አስገቧት። አዋጁ በብርድ ልብስ ብዛት አይታይም ነበር፤ አዛዡ አንዱን ገለጠ፣ ሌላውንም ገለጠ፣ እየገለጠ ሄዶ ሄዶ አንድ ወፍራም ሕፃን ብቅ አለ። እግሮቹ በጥቅልል ተጠፍንገው አንድ ላይ ታስረዋል። ደረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

ትርንጎ ፊደል ቆጥራለች። በጎልማሶች ትምህርት ቤት ሁለት ክረምት ተቀምጣለች። ነገር ግን አፏ ካልተንቀሳቀሰ ዓይኗ አያነብም፤ ድምፅ ካላወጣች ፊደሉ ያመልጣታል። አዋጅ ቤት የሚገቡት ሊቃውንት በዓይናቸው ላፍ አድርገው ነው የሚያነቡት፤ መልእክተኞቹም እንደዚያው። አዋጁ እዚህ ከገባ ጀምሮ ቃሉን ጆሮው ሥር ጮክ ብሎ ያነበበለት አንድ ሰው አልነበረም። እሷ ይህን አላወቀችም። ጎንበስ አለችና እንደ ልማዷ ጀመረች።

«ል… ጅ…»

ጣት አጋፋሪው ጣቱን ጫን አደረገ። ትርንጎ በጣቱ ዳር አድርጋ ቀጠለች።

«አ… ይ… ዋ… ስ… ም።»

አዋጁ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ቀጥሎ ሌላውን። ቀጥሎም እንዲህ አዛጋ፤ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ማዛጋት ነው፣ የአለቃ ቆብ በንፋሱ ወለቀ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብታዩ። የዝንብ አባራሪዎቹ ዝንቡን ትተው እርስ በርሳቸው ተማቱ። የብርድ ልብስ አዛዡ ከራሱ ብርድ ልብስ ሥር ገባ። አለቃ ወልደ ዕረፍት በዚያ በማር ድምፃቸው «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ማለት ጀመሩ፤ አዋጁ ሰማቸውና በድድ ሳቀባቸው። ደግመው ሞከሩ። የተኛው ጣት አጋፋሪው ብቻ ነው።

በመጨረሻ አለቃ መመሪያውን አስታወሱ። «የቀሰቀሰ ያዝላል» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ቅጣት ነው። እስኪተኛ ድረስ አዝለሽው ትዞሪያለሽ።»

«የት የት ልዙር?»

«የት እንደሆነማ መመሪያው አይልም። ‘ትዙር’ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ቤቴ ነው የምዞረው» አለች ትርንጎ። «ግን ጀርባዬ ላይ ልጅ አለ። እሱን ማን ይያዝልኝ?»

ሹማምንቱ ተያዩ። የሕፃን ነገር በማዕረግ የሚመለከተው አንድ ሰው ነውና ሁሉም ወደ አለቃ አዩ። እንዲህ ሆኖ የእሹሩሩ አለቃ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ልጅ አዘሉ። ቁልቁለቱን ገና ሳይጨርሱት ልጁ ካባቸው ላይ ሸና። እሹሩሩ ቢሉት ባሰበት፤ ጆሯቸውን ይዞ ይጎትታል። ሹማምንቱ ከኋላ በእግር ጣታቸው እየረገጡ፣ አዋጁን እንቅልፍ ቢወስደው ብለው ትራስ ይዘው ይከተላሉ። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ ገበያው ላይ ነው። ሰው እየተመለሰ ነበር።

ሰፈሯ ስትደርስ ወይዘሮ አትጠገብ ከጥላቸው ሥር ቆመዋል። እማዋይሽ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ጥቅሏን በደረቷ አቅፋ አጠገባቸው ናት። ጥጋቡ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቱም ልጅ ሲዋስ ማየት ደስታ ነውና ወጥቶ ቆሟል።

ትርንጎ አዋጁን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አዋጁ ዙሪያውን አየና አፉን ከፈተ። የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የተማረው ከትርንጎ ስለሆነ እንደ እሷው እየቆራረጠ ነው ያለው።

«ል… ጅ… አ… ይ… ዋ… ስ… ም።»

«ይሄ ደግሞ የማነው?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«አዋጁ ነው፣ እሜቴ።»

«የተኛው?»

«ነቅቷል።»

«ውሸትሽን ነው። አዋጅ ከኮረብታ አይወርድም። አለቃ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩን፤ ይሄ አዋጁ ነው?»

አለቃ ወልደ ዕረፍት ካባቸው ረጥቦ፣ ጆሯቸው ቀልቶ ቆመው ተጨነቁ። አይደለም ቢሉ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንን ነው እሹሩሩ ሲሉ የኖሩት? ነው ቢሉ ደግሞ የወይዘሮ አትጠገብ ግብዣ ቀረ፤ በእሳቸውም ቤት ቢሆን እንጨት የሚፈልጡት የውሰት ልጆች ናቸው። ወደ ሰማይ አዩ። ሕፃኑ ጆሯቸውን ጎተተ።

«ነው» አሉ በሹክሹክታ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

«አልሰማሁም።»

«ነው አልኩ እኮ» አሉ አለቃ፣ ድምፃቸው እስከ ማዶ ተሰማ። ራሳቸውም ደነገጡ።

ወይዘሮ አትጠገብ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አልነበሩም። «እሺ፣ አዋጅ ይሁን። እግር የለው፤ እኔ ግን እግር አለኝ» ብለው የእማዋይሽን እጅ ይዘው መንገድ ጀመሩ።

አዋጁ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ በደረቱ ተሳበ፤ ሐሩ ተቀደደ፣ ጥቅልሉ ተፈታ። ቀጥሎ ዳኸ። የሰፈር ልጆች «በርታ፣ በርታ» ይሉታል፤ የትራሱ ሹማምንት «ያመዋል፣ ያመዋል» ይላሉ። ተነሣ፤ ወደቀ። ተነሣ፤ ጉልበቱ ተላጠ። አንድ ሁለት ተንገዳግዶ ሄደና የወይዘሮ አትጠገብን ቀሚስ ጫፍ ጨበጠ። ጎተቱት፤ አልለቀቀም። ያንኑ ቃሉን ይደጋግማል፤ በየድግግሙ እየጠራ፣ ፊደሉ እየተጋጠመ መጣ።

ይህን ጊዜ ጥጋቡ ቀና አለ። ሄደና የእማዋይሽን ሌላ እጅ ያዘ።

«እትዬ፣ አላዋስንም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አላዋስንም።»

«ስስታም!»

«አዎ። በልጅ ስስታም ነን።»

ይህን ስድብ አሜን ብሎ የተቀበለ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ አንዲት ጎረቤት ከአጥሯ ሆና «እኔም ስስታም ነኝ እንግዲህ» አለች። ሌላውም ሳቀና «የኔን ያህል ስስታም ማን አለ» አለ። ስስት በአንድ ቀን ሞያ ሆነ። ሰው እየተሳሳቀ ልጁን ወደ ጉያው ሳበ።

በዚያ ሳቅ መካከል ጥላው ሲታጠፍ ተሰማ። ቀጭኗ ልጅ ጥላውን አጠፈችው፣ በወይዘሮ አትጠገብ እጅ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ አዋጁም አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች።

«እኔስ?» አለችው።

አዋጁ ሌላ ቃል አያውቅም። ያንኑ ቃሉን አላት። እሷም «ይበቃኛል» እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ወይዘሮ አትጠገብ ፀሐይ እየመታቸው ብቻቸውን ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ያ አገር እንደ ድሮው አይደለም። ንጉሡ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ደስ መሰኘቱን ሲያዩ «የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ» ብለው የንቃት በዓል አወጁ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ዋናው መንቃቱ ነው። ጣት አጋፋሪው ያንን ጣቱን በር ማንኳኪያ አደረገው፤ ከአዋጁ ፊት እየቀደመ ቤት ለቤት ያንኳኳል። አለቃ ወልደ ዕረፍት የውሰት ልጆቻቸውን ለየወላጃቸው መለሱና እንጨታቸውን ራሳቸው ይፈልጣሉ፤ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ያኔ ነው አሉ፣ የልብ እንቅልፍ። በአዋጅ ቤት የቀሩት አዋጆችም መገላበጥ ጀምረዋል ይባላል።

አዋጁ ገና ይወድቃል። አንዳንድ ቤት ሲመጣ አይተው ይዘጉበታል። ዳር አገር ደግሞ ውሰቱን «እንግድነት» ብለው ስሙን ለውጠው ይሠሩበታል፤ እዚያ ድረስ ለመሄድ እግሩ ገና አልጠናም። ቢሆንም ይሄዳል። የውሰት ልጆች በየመንገዱ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ማየት እንዴት ደስ ይላል።

ቀጭኗ ልጅ ብቻ የምትመለስበትን አታውቅም። ከየት እንደተዋሷት ወይዘሮ አትጠገብም ረስተውታል። ስሟን ሲጠይቋት ብዙ አሰበችና «ስመኝ እባል ነበር መሰለኝ» አለች። ትርንጎና ጥጋቡ ተያዩና እቤታቸው አስቀሯት። ከእማዋይሽ ጋር አንድ መደብ ላይ ትተኛለች፣ ከአንድ ገበታ ትበላለች፣ ትምህርት ቤትም አብራ ትሄዳለች።

ነገር ግን ስመኝ ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። ትርንጎ ዓይኗን ስትገልጥ ቤቱ ተጠርጓል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ ትንሹ ልጅም በስመኝ ጀርባ ላይ ነው። «ተዪ ልጄ፣ ሂጂና ተጫወቺ» ትላታለች። ስመኝ «እሺ» ትላለች። ልጆቹ ገመድ ሲዘሉ ገመዱን የምትይዝላቸው እሷ ናት፤ እጇ እስኪዝል ታዞርላቸዋለች፣ አትዘልም። ጨዋታው ሲያልቅ ትመጣና «ጨረስኩ፣ አሁን ምን ልሥራ?» ትላለች። አንድ ቀን ትርንጎ ቆጣ ብላ መጥረጊያውን ከእጇ ብትነጥቃት ልጅቱ ጥቅሏን አሰረች፤ የምትባረር መስሏት ነው። ዝም ብላ ብትተዋት ደግሞ አዋጁ በደጅ ሲያልፍ ቆም ይልና ትርንጎን ያያታል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ያሳደጋችሁ ሰዎች፣ ትርንጎን አንድ ነገር ምከሯት። ሥራ ብቻ የለመደችን ልጅ፣ ሳያስደነግጧት፣ ገመድ መዝለል እንዴት ነው የሚያስለምዷት?